የታጠፈ ወረቀትና የገጸ ባሕርይ ባለቤትነት

ኦሪጋሚ የተባለው የጃፓን ወረቀት የማጠፍ ጥበብ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ በኖረበት ረጅም ዘመን የወል ሀብት ስለ ነበር፣ የአንድን ቅርጽ ፈልሳፊ የሚጠይቅ እምብዛም አልነበረም። ይህ ልማድ የተለወጠው አኪራ ዮሺዛዋ (1911–2005) አዳዲስ ቅርጾችን ከመፍጠሩም በላይ እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ እጥፋትን በተቆራረጡ መስመሮችና በቀስቶች የሚያመለክት ሥርዓት ሲያስተዋውቅ ነው፤ ሥርዓቱ የቋንቋን አጥር ስለ ተሻገረ ቅርጹ ፈጣሪ እንዳለው በታወቀበት በዚያው ጊዜ መቅዳቱም ቀላል ሆነ።

የቅጂ መብት፣ ማለትም ፈጣሪ ሥራውን ለማባዛትና ለማሳተም ያለው ብቸኛ መብት፣ ሐሳብን ሳይሆን ሐሳቡ የተገለጸበትን መልክ ይጠብቃል። በ2011 የጃፓን ፍርድ ቤቶች አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ባወጣው የአስተጣጠፍ መመሪያ ላይ የቀረበውን ክስ ሲመረምሩ፣ የማጠፉ ሂደት ሐሳብ እንደሆነና ጥበቃ የሚያገኘው መመሪያው የተሣለበት መንገድ ብቻ እንደሆነ በመግለጽ ክሱን ውድቅ አደረጉ። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ሮበርት ላንግና ሌሎች አምስት ንድፍ አውጪዎች፣ የእጥፋት መስመሮቻቸውን ንድፍ (ወረቀቱ ተዘርግቶ ሲታይ የሚገኘውን የመስመሮች መረብ) ቀለም ቀብታ ሥዕል አድርጋለች ያሏትን ሠዓሊ ሳራ ሞሪስን ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሰሱ፤ ጉዳዩም በ2013 በስምምነት ስለ ተዘጋ ፍርድ ቤቱ በዋናው ጥያቄ ላይ ሳይወስን ቀርቷል።

ይህ ክርክር ንድፍ አውጪዎችን በከሳሽ ወንበር አስቀምጧቸዋል፤ የታወቀ ገጸ ባሕርይ ሲያጥፉ ግን ወንበሩ ይለወጣል። ፉሚያኪ ካዋሃታ የ‹ስታር ዎርስ›ን ዮዳ በወረቀት ሲቀርጽ የአስተጣጠፉ ብልሃት የራሱ ድካም ቢሆንም፣ ረጃጅሞቹ ጆሮዎችና መጎናጸፊያው የፊልሙ ነበሩ። እንዲህ ያለው ሥራ ከሌላ ሥራ የተወለደ ስለሆነ ለሽያጭ ወይም ለኅትመት ሲውል በመርሕ ደረጃ የመጀመሪያውን ባለመብት ፈቃድ ይሻል።

ምን ያህል መመሳሰል ጥሰት ነው የሚለውን ግን ፍርድ ቤቶች የመረመሩት በወረቀት እጥፋት ላይ ሳይሆን በሌሎች ነገሮች ላይ ነው። በ1976 የቶኪዮ ወረዳ ፍርድ ቤት ‹ሳዛኤ-ሳን› የተባለውን ካርቱን ባለ ታሪኮች ፊት በአውቶቡሶቹ ላይ የሣለ ድርጅትን ተጠያቂ ሲያደርግ፣ ከየትኛው ገጽ እንደተቀዳ ማስረዳት ሳያስፈልግ ተመልካች ማንነታቸውን መለየቱን በቂ አድርጎ ነበር፤ በ1997 ግን የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ ካርቱን ገጸ ባሕርዩ ፖፓይ ሲወስን፣ ገጸ ባሕርይ እንደ ረቂቅ ሐሳብ ብቻውን ጥበቃ እንደሌለውና መብቱ በተሣሉት ሥዕሎች ላይ እንደሚያርፍ አስታወቀ። በዚህ መለኪያ ጥቂት ሦስት ማዕዘኖች ብቻ ያሉት ምስል ከሐሳብ እምብዛም አይርቅም፤ እያንዳንዱን የልብስ ሽብሽብ የሚያሳየው የዘመኑ ረቂቅ አስተጣጠፍ ግን ወደ ቅጂ የቀረበ ስለሆነ፣ ጥበቡ በበሰለ መጠን የሕግ ሥጋቱም ይጨምራል። በሠዓሊዋ ሸራ ላይ የራሱን ድርሻ የጠየቀ ንድፍ አውጪ፣ የካርቱን ፈጣሪውንም ድርሻ ማክበር ይገባዋል።

ጥበቃው የጊዜ ገደብም አለው። የ1928ቱ ሚኪ ማውስ በአሜሪካ ጥር 1 ቀን 2024 ከቅጂ መብት ነፃ ቢወጣም፣ ነፃ የሆነው በዚያ ዓመት ፊልሞች የታየው ጓንት ያላጠለቀው አይጥ ብቻ ነበር፤ ነጭ ጓንቱ የታየው በ1929 ስለሆነ፣ አንድ ፊቱ ጥቁር ሌላው ነጭ በሆነ ወረቀት ጓንት የሚያወጣ አጣፊ አንድ ዓመት መጠበቅ ነበረበት።