የእንጅባራ ፈረሶችና የዓድዋ መታሰቢያ

ከሞያሌ ተነሥቶ አዲስ አበባን ካለፈ በኋላ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ በጎጃም በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ፣ ባሕር ዳር ለመግባት 120 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው እንጅባራን ያገኛል። እንጅባራ የአዊ አገው ከተማ ናት። አየሯ ደጋ፣ መስኳ ለምለም፣ ሕዝቧም ፈረስ ወዳድ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የከተማዋ ሜዳ በፈረሰኞች ይሞላል።

በዓሉን የሚያዘጋጀው በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባቱ ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር ነው። ሰባቱ ቤት የሚባሉት አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ቻራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚገም ሲሆኑ፣ በአፈ ታሪክ የሰባት ወንድማማቾች ርስት እንደሆኑ ይነገራል። ማኅበሩ የተቋቋመው በዓድዋ ጦርነት የዘመቱትንና የወደቁትን ፈረሶች ውለታ ለማሰብ ነው። ዘመኑን ልብ ይሏል፤ በ1932 ዓ.ም. ጣልያን ገና ከአገር አልወጣም ነበር። የዓድዋን ፈረስ ማሰብ ማለት በዚያን ጊዜ የጣልያንን ሽንፈት ማስታወስ ነበር።

በጥንቱ ሥርዓት ጌታ በፈረሱ ስም ይጠራል። ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለው ለትውልድ ተላልፈዋል። በዚህም የጌቶቹ ፈረሶች ስም ከታሪክ ጋር አብሮ ዘልቋል። ስንቅ ተሸክሞ፣ ቁስለኛ አንሥቶ የወደቀው የባላገር ፈረስ ግን ስሙን የሚያነሣለት አልነበረም። የእንጅባራው በዓል ይህን ጉድለት ይሞላል።

በዕለቱ ፈረሶቹ በግላስና በጌጠኛ ልጓም ተሸልመው ይወጣሉ። ሽምጥ ግልቢያው እንዳለ ሆኖ፣ የብዙውን ተመልካች ልብ የሚሰቅለው ጉግሱ ነው። ፈረሰኞቹ በሁለት ወገን ይሰለፋሉ፤ አንዱ ሲሸሽ ሌላው እያሳደደ ዘንግ ይወረውርበታል፤ ሸሺውም ጋሻውን ወደ ኋላው አዙሮ ይመክታል። ጨዋታው በጥንቱ ዘመን የጦርነት ልምምድ ነበር።

ማኅበሩ የሚታወሰው ግን በአንድ ቀን ጨዋታ ብቻ አይደለም። አባል ሲሞት ፈረሰኞቹ በወግ አጅበው ይሸኙታል፤ የተጣላ ሲኖር ያስታርቃሉ፤ የተቸገረውን ይደግፋሉ። በዓሉ ከ80 ዓመታት በላይ መዝለቁም ከዚህ የመነጨ ነው። ትዝታ ብቻውን ይህን ያህል ዘመን ሰው አይሰበስብም፤ ለቅሶና ዕርቅ ግን ጎረቤትን ከጎረቤት ያስተሳስራሉ።

ዛሬ ፈረስ የዘማች መጓጓዣ መሆኑ ቀርቷል፤ በከተሞችም ቦታውን ባጃጅና መኪና ወስደውበታል። በአዊ ግን ልጅ ከአባቱ ግልቢያ እስከተማረ ድረስ፣ በዓድዋ የወደቀው ስም የለሽ ፈረስ ጥር 23 በመጣ ቁጥር አስታዋሽ አያጣም።