የብራና መጻሕፍት የጫፍ ጉንጉን፦ አሠራሩና ምስክርነቱ

የግእዝ ብራና መጻሕፍትን ካታሎግ የሚያዘጋጅ ሰው ስለ ጽሑፉ ገጽ ሙሉ ይጽፍና ስለ አጠራረዙ «ገበታው እንጨት፣ ሽፋኑ ድጉስ ቆዳ» ብሎ ያልፋል። በመጽሐፉ ጀርባ ላይ፣ ከራስጌና ከግርጌ የተሰፋው ቀጭን የቆዳ ጉንጉን ብዙ ጊዜ አይጠቀስም፤ ቢጠቀስም ከጌጥ ይቆጠራል። ይህ አቆጣጠር መታረም ያለበት ይመስለኛል። ጉንጉኑ በእኛ አጠራረዝ ውስጥ የሚሠራው ሥራ አለው፤ ስለ መጽሐፉ ዕድሜና አያያዝም በሽፋኑ ላይ ከተደጎሰው መስቀል የበለጠ ይመሰክራል።

ሥራውን ለመረዳት መጽሐፉ እንዴት እንደተያያዘ ማየት ያስፈልጋል። ብራናው ታጥፎ አብዛኛውን ጊዜ 8 ወይም 10 ቅጠል ያለው ጥራዝ ይሆናል። ጥራዞቹ በሰንሰለት ስፌት እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። በምዕራብ አውሮፓ መጻሕፍት ጀርባ ላይ እንደሚታየው ስፌቱን የሚሸከም ጠፍር ወይም ገመድ የለም፤ ክሩ ራሱ በገበታው ጠርዝ በተበሳው ቀዳዳ ገብቶ እንጨቱን ከጥራዞቹ ጋር ያስራል። ከዚያ በኋላ ቆዳው ይለብሳል። ማጣበቂያው የሚቀባው ግን በዋነኛነት ገበታው ላይ ነው፤ ጀርባው ላይ ቆዳው ከጥራዞቹ ጋር ሳይጣበቅ መቅረቱ የተለመደ ነው። መጽሐፉ በአትሮንስ ላይ ሳይታገል የሚዘረጋው በዚህ ምክንያት ነው። ጉዳቱ ደግሞ ከጥቅሙ ጋር አብሮ ይመጣል፦ በጀርባው ሁለት ጫፎች ላይ ቆዳው የሚይዘው ነገር ስለሌለ ይላቀቃል፣ ይገለበጣል፣ በመጨረሻም ይቀደዳል።

ጉንጉኑ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሠራተኛው ጥቂት ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት የቆዳ ጠፍሮች ይቆርጣል። አንደኛውን በስለት ሰንጥቆ ሌላውን በስንጥቁ ውስጥ ያሳልፋል፤ ቀጥሎ ያለፈውን ሰንጥቆ የፊተኛውን ያሳልፍበታል። እንዲህ እየተፈራረቀ ሲሄድ ጠፍሮቹ እርስ በርሳቸው ይቆላለፉና የስንዴ ዛላ የሚመስል ጥብቅ ጉንጉን ይወጣል። እንደ ፀጉር ሽሩባ አይፈታም፤ እያንዳንዱ ጠፍር በሌላው ሥጋ ውስጥ ስላለፈ አንዱ ቢላላ እንኳ የቀረው ቦታውን አይለቅም። ትዕግሥት የሚጠይቀው ስንጥቁን መመጠን ነው፦ ከረዘመ ጉንጉኑ ይዝላል፣ ካጠረ ጠፍሩ ሲጎተት ይበጠሳል። ቆዳው ከወፈረ አንገቱን ደፍቶ አይተኛም፣ ከሳሳም ክሩ ይበላዋል።

የተዘጋጀው ጉንጉን በጀርባው ስፋት ልክ ተቆርጦ፣ ቆዳው ከለበሰ በኋላ፣ በጫፉ ላይ ይሰፋል። መርፌው ከጥራዙ መካከለኛ እጥፋት ተነሥቶ ብራናውንና የጀርባውን ቆዳ በስቶ ይወጣል፣ ጉንጉኑን ይይዛል፣ ተመልሶም ወደ እጥፋቱ ይገባል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ጥራዝ ያልፋል። ሦስት ነገሮች፣ ማለትም ጥራዙ፣ የጀርባው ቆዳና ጉንጉኑ፣ በአንድ ክር ይታሰራሉ። ማጣበቂያው ያልሠራውን ሥራ ስፌቱ ይሠራል። ቆዳ ባልለበሱና ገበታቸው እርቃኑን በቀረ መጻሕፍት ላይ ጉንጉን አለመኖሩም ይህንኑ ያስረዳል፤ የሚታሰር ቆዳ ከሌለ ማሰሪያው ምን ያደርጋል?

የመጽሐፍን ጫፍ በስፌት ማጠንከር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በእስላማዊው ዓለም በቀጭን የቆዳ እምብርት ላይ መጀመሪያ ወደ ጥራዞቹ የሚወርድ የማሰሪያ ስፌት ይሠራል፤ በላዩም ሁለት ቀለም ያለው ሐር ተሸምኖ የዓሣ አጥንት የሚመስል ንድፍ ይወጣል። በቢዛንታይን አጠራረዝ የጫፉ ስፌት ከጀርባው አልፎ ወደ ገበታዎቹ ጠርዝ ይዘልቃል፤ ጉብ ብሎ ስለሚወጣም መጽሐፉን በመደርደሪያ ላይ ማቆም ያስቸግራል። በመካከለኛው ዘመን ምዕራብ አውሮፓም እምብርቱ ወደ ገበታው ገብቶ ይታሰር ነበር። ኋላ ላይ ግን ጊዜና ወጪ ለመቆጠብ ጫፎቹ መጋጠሚያው ላይ መቆረጥ ጀመሩ፣ ወደ ጥራዞቹ የሚወርደው ስፌትም እየተመናመነ ሄደ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በመኪና የተሸመነ ጥብጣብ በሙጫ መለጠፍ ተለመደ። ዛሬ በደረቅ ሽፋን በታተሙ መጻሕፍት ጀርባ ጫፍ ላይ የምናየው ባለ ቀለም ጥብጣብ የዚያ ቅሪት ነው፤ ቢነቀል መጽሐፉ ምንም አይጎድለውም። «ጌጥ» የሚለው ስም የሚስማማው ለእርሱ ነው። ካታሎግ አዘጋጆች ጉንጉናችንን ጌጥ ሲሉ በዚህ ጥብጣብ መነጽር እያዩት እንደሆነ እጠረጥራለሁ።

ሥርግው ሀብለ ሥላሴ በ1981 (እ.ኤ.አ.) ስለ ኢትዮጵያ የመጽሐፍ ሥራ ባሳተሙት ጥናት፣ ጄ. ኤ. ሲርማይም በ1999 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የመካከለኛው ዘመን አጠራረዝ መጽሐፋቸው የእኛን አጠራረዝ በሚገባ ተመልክተውታል። በሁለቱ መካከል ባለው ጊዜና ከዚያም ወዲህ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት በማይክሮፊልምና በዲጂታል ተነሥተዋል፤ ካሜራው ግን የሚያነሣው የተዘረጋውን ገጽ ነው። የጀርባው ጫፍ ከፎቶው ውጭ ይቀራል።

የቀረው ነገር ቀላል አይደለም። አንደኛው የአያያዝ ታሪክ ነው። የአውሮፓ መጽሐፍ በመደርደሪያ ቆሞ በጣት ከራስጌው እየተሳበ ስለሚወጣ የላይኛው ጫፉ ቀድሞ ይጎዳል። የእኛ ዳዊት ግን በማኅደር ውስጥ ሆኖ በትከሻ ይንጠለጠላል ወይም ከግድግዳ ይሰቀላል። ወደ ጠባቡ ማኅደር ሲገባና ሲወጣ፣ በጉዞም ሲናጥ፣ የሚፋተገው ወደ ታች የዞረው ጫፍ ነው። ስለዚህ የሁለቱን ጉንጉኖች ድካም ማነጻጸር መጽሐፉ መንገደኛ ነበር ወይስ የመቅደስ አገልጋይ ለሚለው ጥያቄ ፍንጭ ይሰጣል። በአትሮንስ ላይ ብቻ የሚነበብ ትልቅ ወንጌል ጉንጉኑ ደህና ሆኖ የገጾቹ ጥግ በእጅ ወዝ ቢጠቁር አያስገርምም።

ሁለተኛው ከዚህም ይጠቅማል። የጉንጉኑ ስፌት በየጥራዙ እጥፋት ቀዳዳ ይተዋል። አሁን ካለው ጉንጉን ጋር የማይገጥሙ ተጨማሪ ቀዳዳዎች ከተገኙ መጽሐፉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ቆዳውን ቀይሯል ማለት ነው። ቀዳዳው በአንዳንድ ጥራዞች ብቻ ኖሮ በሌሎቹ ከሌለ ደግሞ ጥራዞቹ ከተለያየ መጽሐፍ መጥተው እንደሆነ መመርመር ይገባል። የእጅ ጽሑፍን ዘመን በፊደሉ ቅርጽ ለመወሰን ብዙ የሚደክም ተመራማሪ ይህን ምርመራ በመብራትና በማጉያ መነጽር በአጭር ጊዜ ሊያደርገው ይችላል። የሐረር እስላማዊ መጻሕፍት የራሳቸው የአጠራረዝ ወግ ስላላቸው መለኪያውን እንዳለ ወደ እነርሱ መውሰድ አይቻልም፤ ለብቻቸው መጠናት አለባቸው።

ጥገናም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የተበጠሰ ጉንጉን ሲታይ የሚመጣው የመጀመሪያ ፈተና በሙጫ መልሶ መለጠፍ ነው። ሙጫው ግን ጀርባውን ያደርቀዋል፤ ነፃ ሆኖ የተሠራው ቆዳም ከጥራዞቹ ጋር ተጣብቆ መጽሐፉ ሲዘረጋ ይሰነጠቃል። በአሮጌው ቀዳዳ መስፋት፣ አዲስ ቀዳዳ አለመብሳት፣ ክሩንም ከብራናው ደከም ያለ አድርጎ መምረጥ ይሻላል፤ ጫና ሲመጣ መበጠስ ያለበት የሚተካው ክር ነውና። አዲስ ጉንጉን ቢሠራም የአሮጌው ቁራጭ ከነክሩ በፖስታ ተደርጎ፣ የመጽሐፉ ቁጥርና ከራስጌ ወይም ከግርጌ መሆኑ ተጽፎበት፣ ከመጽሐፉ ጋር ይቀመጥ።