ሁለት አውቶቡስ ሕፃናት

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1966 ሁለት አውቶቡስ ሙሉ ሕፃናት ከሚሲሲፒ ተነሥተው ዋሽንግተን ገቡ። 48 ነበሩ፤ ጥቁሮች፣ የድሃ ልጆች። ይዘዋቸው የመጡት ሰዎች በቀጥታ የተወካዮች ምክር ቤቱ የትምህርትና የሠራተኛ ኮሚቴ ወደሚሰበሰብበት ክፍል አስገቧቸው። ክፍሉ መዋዕለ ሕፃናት ሆነ። ልጆቹ ዘፈኑ፣ ተጫወቱ። መልእክቱ ግን የጨዋታ አልነበረም፦ ለትምህርት ቤታችን የተያዘውን ገንዘብ ልቀቁ።

ገንዘቡን ማን ያዘው? ለምንስ ያዘው? ይህን ለመረዳት ሁለት ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1964 በድህነት ላይ ጦርነት አወጁ። በዚያው ዓመት በወጣው ሕግ ውስጥ አንዲት ሐረግ ገብታለች፤ በየአካባቢው የሚካሄደው ሥራ ነዋሪዎቹ በተቻለ መጠን ሁሉ የሚሳተፉበት ይሁን የምትል። ሐረጓ ምን ይዛ እንደምትመጣ ያን ጊዜ ያሰበ እንደራሴ ብዙ አይመስልም።

በ1965 በትምህርት ቤቶች እረፍት ወራት ሄድ ስታርት የተባለው ፕሮግራም ተጀመረ። የስምንት ሳምንት ሥራ ነበር፤ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ልጆች ተመዘገቡ። ዓላማው የድሃ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ ገና ከመነሻው ኋላ ቀርቶ እንዳይጀምር ነው። ስለዚህ ፊደልና ቁጥር ብቻ ሳይሆን ምግብ፣ ሕክምናና የጥርስ ምርመራም ነበረበት። ካቀዱት ባለሙያዎች አንዱ ሞስኮ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው የሥነ ልቦና ሊቅ ዩሪ ብሮንፈንብሬነር ነው። ልጅን ከቤተሰቡና ከሰፈሩ ነጥሎ ማስተማር ሩቅ አያስኬድም ባይ ነበር። በወረቀት ላይ ይህን የሚቃወም አልነበረም። ሚሲሲፒ ሲደርስ ግን ሌላ ሆነ።

ሚሲሲፒ ያን ጊዜ በግዛቱ ወጪ የሚተዳደር አጸደ ሕፃናት አልነበራትም። ጥቁር መምህራን አሉ፤ ደመወዛቸውን የሚቆርጡት ግን ነጮች ናቸው። ከሲቪል መብት ንቅናቄው ጋር የታየ መምህር ሥራውን ያጣል። የግዛቱ ገዥ ደግሞ ከዋሽንግተን የሚመጣውን የድህነት ገንዘብ የመከልከል ሥልጣን ነበረው። ቶም ሌቪን የተባለ የኒው ዮርክ የሥነ አእምሮ ባለሙያና ጓደኞቹ አንድ ቀዳዳ አገኙ፤ ገንዘቡ ለኮሌጅ ከተሰጠ ገዥው መከልከል አይችልም። ሜሪ ሆልምስ የተባለ አነስተኛ የጥቁሮች ኮሌጅ ስሙን አዋሰ። የሚሲሲፒ የሕፃናት ልማት ቡድን የተባለው ድርጅት እንዲህ ቆመ፤ በመጀመሪያው ወቅት ብቻ ከ80 በላይ ማዕከላት ከፍቶ ወደ 6,000 የሚጠጉ ልጆችን ተቀበለ።

መምህራኑስ? እናቶች ናቸው። ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ያልጨረሱ፣ ጥጥ ሲያርሙና ሲለቅሙ የኖሩ፣ በነጮች ቤት ምግብ ሲያበስሉ የዋሉ። የጥጥ ማሳ ቀን ሠራተኛ በዚያ ዘመን በቀን 3 ዶላር ገደማ ነበር የሚያገኘው። አሁን ከዚያ የሚበልጥ ደመወዝ፣ ያውም ከባለ እርሻው እጅ ያልወጣ፣ መጣ። ማዕከሉ የት ይሁን፣ ማን ይቀጠር፣ ልጆቹ ምን ይብሉ የሚለውን የሚወስነው የሰፈሩ ኮሚቴ ነበር። ቤተ ክርስቲያን፣ አሮጌ ቤት፣ የተገኘው ሁሉ ክፍል ሆነ። መጽሐፍ ሲያጥር ልጆቹ የተናገሩትን ጽፈው መልሰው ያነቡላቸው ነበር።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከረው። ለትምህርት ዝግጁ የሆነ ልጅ ምን ዓይነት ነው? በእርሻ ባለቤቶቹ ዓለም ጥሩ ጥቁር ልጅ አንገቱን የሚደፋ፣ ለምን የማይል ነው። እናቶቹም ልጃቸውን ዝም በል ብለው ያሳደጉት ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ አፉን የከፈተ ልጅ ሊገደል ይችላል። ኤሜት ቲል በ14 ዓመቱ እዚያው ሚሲሲፒ ውስጥ ከተገደለ ገና አሥር ዓመቱ ነበር። አሁን እነዚያው እናቶች ልጁ እንዲጠይቅ፣ እንዲናገር፣ እንዲመርጥ ማስተማር ያዙ። ይህን ለማስተማር ደግሞ መጀመሪያ እነሱ ራሳቸው ኮሚቴ ፊት መናገር ነበረባቸው። እናት የምትፈራበትን ቤት ልጅ በስምንት ሳምንት አይረሳውም።

ምላሹ ፈጣን ነበር። ማዕከላት ላይ ተተኮሰ፣ መስቀል ተቃጠለ። ሴናተር ጆን ስቴኒስ በበጀት ኮሚቴው ያላቸውን ቦታ ይዘው መርማሪ ላኩ፤ የመንግሥት ገንዘብ ለንቅናቄው እየዋለ ነው አሉ። እውነቱን ለመናገር የሒሳብ አያያዙ ደካማ ነበር፤ ደረሰኝ የጎደለበት ቦታ አለ፤ ሠራተኞቹም ከንቅናቄው የራቁ ሰዎች አልነበሩም። ግን ቁጣው የደረሰኝ ቁጣ ቢሆን ኖሮ ሒሳብ ሠራተኛ በመጨመር ያልቅ ነበር።

ገንዘቡ ተቋረጠ። የሚገርመው ቀጥሎ የሆነው ነው፦ ብዙዎቹ ማዕከላት አልተዘጉም። እናቶቹ ያለ ደመወዝ ለወራት አስተማሩ፤ ምግቡን ከየቤቱ አዋጡ። ሁለቱ አውቶቡሶች የተነሡት በዚህ መሐል ነው። በዚያው ወር ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተፈቀደላቸው።

ድሉ ግን ብዙ አልቆየም። በ1966 መገባደጃ ላይ የድህነት ጦርነቱ ኃላፊ ሳርጀንት ሽራይቨር ገንዘቡን እንደገና ከልክለው ለዘብተኛ ነጮችና ጥቁሮች ለመሠረቱት አዲስ ድርጅት ሰጡ። ደጋፊዎች በኒው ዮርክ ታይምስ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አውጥተው ሽራይቨርን በስማቸው ወቀሱ። ስምምነት ተደርጎ ቡድኑ ተቀንሶ ቀጠለ፤ በ1968 ግን አበቃ። ማዕከላቱ በሌሎች ድርጅቶች ሥር ገቡ፤ ልጆቹም መማራቸውን አላቋረጡም። የእናቶቹ የመወሰን ሥልጣን ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም።

በ1969 ዌስቲንግሃውስ የተባለው ድርጅት ያጠናው ጥናት ወጣ፤ ልጆቹ በሄድ ስታርት ያገኙት የትምህርት ብልጫ በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት ይደበዝዛል ይላል። ጥናቱ ስለ ዘዴው ብዙ ተተችቷል፣ ክርክሩም እስከ ዛሬ አልበረደም። የለካው ግን የልጆቹን ፈተናና አመለካከት ነበር፤ በእናቶቹ ላይ የመጣውን ለውጥ የሚለካ መስፈሪያ አልነበረውም።

በ1970 የፌዴራል መንግሥቱ ለመላ አገሪቱ መመሪያ አወጣ፦ በየሄድ ስታርቱ የፖሊሲ ምክር ቤት ይቋቋም፣ ቢያንስ ግማሹ አባላት ልጆቻቸው የሚማሩ ወላጆች ይሁኑ፣ በሠራተኛ ቅጥርና በበጀት ላይም ድምፅ ይኑራቸው። ለስብሰባ ተጠርቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ መዋጮ ከፍሎ ከመመለስ በጣም የተለየ ነው። ምክር ቤቱ ዛሬም አለ። በዋሽንግተን ዙሪያ ልጇን ሄድ ስታርት ያስገባች ኢትዮጵያዊት እናት ለዚሁ ምክር ቤት ልትመረጥ፣ የሠራተኛ ቅጥር ጉዳይ ሲቀርብም እጇን ልታወጣ ወይም ልትከለክል ትችላለች።