መብራቱን ማጥፋት

ባለፈው ዓመት ለእረፍት መርሳ ስሄድ የአጎቴ ኮሮላ ዳሽቦርድ ላይ የሞተሩ ምልክት በርቶ ነበር። መኪናዋ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራች፣ ስንት እጅ ቀይራ ሀብሩ የደረሰች ናት። አንድ ልጅ ማንበቢያውን ሰክቶ ስልኩ ላይ አየና «ፒ0455 ይላል። አብሽሩ ጋሼ፣ ሞተሩ ሰላም ነው» ብሎ ኮዱን አጠፋው። መብራቱም ጠፋ። በሳምንቱ ተመልሶ በራ። አጎቴ ሦስተኛ ጊዜ ሲከፍሉ እኔ ኮዱን ማን፣ ለምን እንዳወጣው ማንበብ ጀመርኩ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአናናስ ነው። አሪ ሀገን-ስሚት የተባለ ሆላንድ ተወልዶ ካሊፎርኒያ የሚሠራ ኬሚስት የአናናስን ጣዕምና ሽታ ያጠና ነበር። ሎስ አንጀለስን ደግሞ ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዓይን የሚያቃጥል ጭጋግ ይሸፍናት ነበር። ሀገን-ስሚት ምንጩን አገኘው፦ የቤንዚን ትነትና የመኪና ጭስ ፀሐይ ሲያገኛቸው ኦዞን ይሆናሉ፤ ኦዞን ሳንባ ይጎዳል። ማለትም መኪና ቆሞም ያቆሽሻል። እሱም በ1968 የካሊፎርኒያ አየር ሀብት ቦርድ የመጀመሪያ ሊቀመንበር ሆነ።

ከዚያ ሕጉ መጣ። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አዳዲስ መኪኖች ትነቱን ይዞ ወደ ሞተር የሚመልስ የከሰል ቆርቆሮ ተገጠመላቸው። ከ1988 ሞዴል ጀምሮ የመኪናው ኮምፒዩተር ራሱን እንዲመረምር ካሊፎርኒያ አዘዘች። ከ1996 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ አንድ ዓይነት መሰኪያና አንድ ዓይነት ኮድ እንዲኖረው ግድ ሆነ።

ኮዱ ሲፈታ እንዲህ ነው። «ፒ» ሞተርና ማርሽ፣ «0» ለሁሉም አምራች የጋራ፣ «4» የብክለት መከላከያ፣ «55» ትልቅ የትነት ፍሳሽ። ትንሽ ፍሳሽ ከሆነ ፒ0442 ይሆናል። ኮምፒዩተሩ የነዳጁን ትነት መስመር ዘግቶ አየሩን ይስብና ግፊቱ ይጸና እንደሆነ ያያል። ካልጸና ቀዳዳ አለ ይላል፤ የት እንደሆነ ግን አያውቅም። ፈተናውን የሚያደርገው ደግሞ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ፣ ታንኩም በጣም ሳይሞላ ሳይጎድል ነው። ኮዱን ስታጠፉት የፈተናው ውጤት አብሮ ይሰረዛል፤ እንደገና እስኪፈተንና እስኪወድቅ መብራቱ ዝም ይላል። ያ አንድ ሳምንት ይኸው ነበር።

እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። የስህተት መልእክትን ደብቆ «ተስተካክሏል» ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አድርጌውም አውቃለሁ።

ወልድያ ወስደናት አንድ ሸምገል ያሉ መካኒክ ምንም ሳይሰኩ በኋላ በኩል ዞረው አሸተቱ። የታንኩን ክዳን ከፍተው ጎማውን በጥፍራቸው ጫን ሲሉት ተሰንጥቋል። ክዳኑ ተቀየረ፤ መብራቱ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

መብራቱ እኛ ጋ የደረሰው ካወጣው ሕግ ተነጥሎ ነው። ስለዚህ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ እንደ ዝንብ እናባርረዋለን። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የገቡት ግን ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ። የአጎቴ መኪና የምታድረው ጠዋት ጠዋት ከሰል ከሚቀጣጠልበት በረንዳ አጠገብ ነው። ልጆቹ «ቤንዚን ሸተተን» ሲሉ አጎቴ «መኪና እኮ ነው፣ ምን ሊሸት ነበር?» ይሏቸው ነበር።

አሁን እንዲያ አይሉም። ወርደው ክዳኑን ያዩታል።