ግራውንድ ሉፕ፦ የኧርዝ ሽቦ ቀለበት

ሮቤ ላይ ኮምፒውተር ራሱ ገጥሞ መሥራት የሚፈልግ ሰው ዕቃውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ። ማዘርቦርዱ ኬዙ ውስጥ ገብቶ፣ ዊንዶውስ ተጭኖ፣ ሁሉም ነገር ሠርቶ ሄድፎን ሲሰካ ግን ከዘፈኑ ሥር «እምም» የሚል የማይቋረጥ እምታ ይሰማል። ለሚያውቅ ሰው ሲነገረው መልሱ አንድ ነው፦ «ግራውንድ ነው!» በዚህች አንድ ቃል ግን ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ብልሽቶች ይጠራሉ፤ መፍትሔያቸውም ለየቅል ነው። ግራውንድ ሉፕ የሚለው ስም የሚገባው ከሦስቱ ለአንዱ ብቻ ነው።

በአማርኛ «የኧርዝ ሽቦ ቀለበት» ብንለው ይሻላል እላለሁ። «የመሬት ዑደት» ማለትም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ሰሚው ከረንቱ አፈር ውስጥ የሚዞር ይመስለዋል። የሚዞረው በሽቦ ነው። «ኧርዝ» ደግሞ ኤሌክትሪሺያኑ ዘወትር የሚጠቀምበት ቃል ስለሆነ ሌላ ትርጓሜ አይጠይቅም።

ቀለበቱ እንዲፈጠር ሁለት ዕቃ ያስፈልጋል። ጎባ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ቤት እናስብ። ኮምፒውተሩ በአንደኛው ግድግዳ ሶኬት፣ ሚክሰሩ ማዶ ባለው ሶኬት ተሰክተዋል፤ ሁለቱም ኧርዝ አላቸው። ከኮምፒውተሩ አረንጓዴ ቀዳዳ የወጣው ገመድ ሚክሰሩ ላይ ገብቷል፤ አቀናባሪው የሚያዳምጠው በሚክሰሩ ሄድፎን ነው። ያ ገመድ ቢላጥ ውስጡ ድምፁን የሚሸከሙ ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ዙሪያቸውን ደግሞ የመዳብ መረብ ይታያል። መረቡ በአንድ ጫፉ ከኮምፒውተሩ፣ በሌላው ጫፉ ከሚክሰሩ ብረት ጋር ተያይዟል። ከኮምፒውተሩ ተነስተን በመረቡ ወደ ሚክሰሩ፣ ከሚክሰሩ በስፒናው ኧርዝ ወደ ግድግዳው፣ በግድግዳው ውስጥ ባለው የኧርዝ ሽቦ ወደ ኮምፒውተሩ ሶኬት ብንሄድ ተመልሰን የተነሳንበት ቦታ ላይ እንገኛለን። ቀለበት ያልነው ይህን ነው።

ሁለቱ ሶኬቶች ኧርዝ ላይ ያለው ቮልቴጅ እኩል ቢሆን ኖሮ ምንም አይፈጠርም ነበር። ነገር ግን እኩል አይሆንም። በአንዱ መስመር ፍሪጅ፣ በሌላው የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ፤ ከየዕቃው ጥቂት ከረንት ወደ ኧርዙ ይሾልካል፤ የኃይል ሽቦዎቹም በአጠገባቸው በሚያልፈው ቀለበት ላይ ከረንት ያሳድራሉ። ልዩነቱ 10 ሚሊቮልት ብቻ ቢሆን እንኳ ከአንድ ቮልት የድምፅ ሲግናል ጋር ሲተያይ አንድ መቶኛ ነው። ከበሮ ሲመታ አይሰማም፤ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ግን ይሰማል። ኃይሉ ከመልካ ዋከና ይምጣ ከሌላ ግድብ፣ የአገራችን መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ የእምታው ቃናም 50 ኸርዝና ብዜቶቹ፣ 100 እና 150 ናቸው። ትንንሽ ማዳመጫዎች 50ውን በደንብ ስለማያወጡ ጆሮ የሚለየው በተለይ 100ውን ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የኮምፒውተሩንም የሚክሰሩንም ስፒና አንድ ዲቫይደር ላይ ሰክቶ ማዳመጥ። ቀለበቱ ስለሚጠብ እምታው ከጠፋ ወይም በጣም ከቀነሰ ምርመራው አበቃ። ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ ማስኬድ ነው። ዲቫይደሩ የማይደርስበት ቦታ ላይ በድምፅ ገመዱ መሐል የሚገባ ትንሽ የኦዲዮ ትራንስፎርመር ሥራውን ይሠራል፤ ድምፁን ያሳልፋል፣ መረቡን ይቆርጣል። አንዳንዱ ግን የስፒናውን ኧርዝ በፕላስተር ይሸፍንና «ጠፋልኝ» ይላል። በርግጥ ይጠፋል። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ አንዲት ሽቦ ተላጣ ኬዙን የነካች ዕለት ግን 220 ቮልቱ መሄጃ የሚያገኘው በሰውዬው እጅ በኩል ነው።

ኧርዝ ጭራሹን በሌለበት ቤትስ? እዚያ ቀለበት የለም፤ ድምፁ ግን አለ። ሶኬቱ የኧርዝ ብረት ቢኖረውም ከጀርባው ሽቦ ያልተያያዘበት ቤት ጥቂት አይደለም። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ከፌዝም ከኒውትራልም ወደ ኬዙ የተያያዙ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ ኧርዝ ሲጠፋ ኬዙን በመሐል አንጠልጥለው 110 ቮልት አካባቢ ያስቀምጡታል። ከረንቱ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ አይጥልም፤ በባዶ እግሩ ቆሞ የነካው ሰው ግን «ነዘረኝ» ይላል። ሄድፎን ያደረገው ሰው ኬዙን ሲነካና ሲለቅ እምታው ከተለዋወጠ የጎደለው ኧርዝ ነውና ዲቫይደር መቀያየር አይረዳም፤ ሥራው የኤሌክትሪሺያን ነው። በሮቤና በሲናና ዙሪያ ባለው ጥቁር አፈር ላይ የኧርዝ ዘንግ የሚቀብር ባለሙያ አንድ ነገር ልብ ይበል፤ ይህ አፈር ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው በጋ ይሰነጠቃል፣ ከዘንጉም ይሸሻል። በዝናብ ወራት ተለክቶ ጥሩ የተባለ ኧርዝ በበጋ ሊደክም ስለሚችል ዘንጉ እርጥበት እስካለበት ድረስ በጥልቀት መግባት አለበት።

ሦስተኛው ድምፅ የሚመነጨው ኬዙ ውስጥ ነው። ማውስ ሲንቀሳቀስ ወይም ጌም ሲከፈት «ዝዝዝ» እያለ የሚለዋወጥ ከሆነ ከግድግዳው ጋር ጉዳይ የለውም። የፊተኛው ጃክ ገመድ ግራፊክስ ካርዱን ተጠግቶ ያልፋልና የካርዱን ጩኸት ይቀበላል። ሄድፎኑን ከኋላ ማዘርቦርዱ ላይ መሰካት ነው፤ ካልበቃ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ ሳውንድ ካርድ መግዛት። ካርዱ ለሄድፎን ብቻ ከሆነ ይበቃል፤ ከሚክሰር ጋር ከተያያዘ ግን የዩኤስቢ ገመድም የራሱ ግራውንድ ስላለው ቀለበቱን መልሶ ይገጥመዋል።

የፋን ጩኸት ከእነዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ የደጋው ብርድ ቢያግዝም ፋን ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ይበልጥ መዞር አለበት። ያ ጩኸት ሄድፎን ውስጥ ከተሰማ የገባው በማይክ ነው፤ ድምፅ ማስተካከያው ላይ ማይኩን መዝጋት ይበቃል።

መብራት ሲጠፋ በዩፒኤስ እየሠሩ መመርመር ግን አይመከርም። ርካሽ ዩፒኤስ በባትሪ ሲሠራ የሚያወጣው ኃይል ሞገዱ የተቆራረጠ ስለሆነ ደህናውንም ኮምፒውተር ያስጮኸዋል።