የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜና የልጆች ውፍረት

ከመጠን ያለፈ ውፍረት አንድ ልጅ ከምግብና ከመጠጥ የሚያገኘው ኃይል በእንቅስቃሴ ከሚያወጣው ሲበልጥ፣ ትርፉ በሰውነቱ ውስጥ ስብ ሆኖ በመከማቸት የሚያስከትለው የጤና ችግር ነው። ውሎ አድሮ ለስኳርና ለደም ግፊት ሕመም ያጋልጣል።

በሀገራችን ዛሬም የሚብሰው መቀንጨር ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕጻናት 38 በመቶዎቹ ቀንጭረው ተገኝተዋል፤ ክብደታቸው ከልክ ያለፈው ግን 1 በመቶ ያህል ነበሩ። ይሁን እንጂ የከተማ ኑሮ የልጆችን ውሎ እየለወጠ ነው። በይፋት ቆላ ከብት የሚያግድና ውኃ የሚቀዳ ልጅ ቀኑን ሙሉ ይንቀሳቀሳል። ሸዋ ሮቢት ከተማ ውስጥ በባጃጅ ተመላልሶ፣ ቀሪውን ጊዜ ከስልክና ከቴሌቪዥን ጋር የሚያሳልፍ ልጅ ግን ይህ ዕድል የለውም። ስለዚህ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ የሌላ ትምህርት ማካካሻ ሊሆን አይገባም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ለሆኑ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። ክፍለ ጊዜው ብቻውን ይህን ስለማይሞላ በእግር መሄድ፣ ገመድ ዝላይ፣ ሰኞ ማክሰኞና እግር ኳስ ያግዛሉ። የቆላው ሙቀት ብርቱ በመሆኑ ስፖርቱ በማለዳ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ቢሠራ፣ የሚጠጣ ውኃም ቢዘጋጅ ይመረጣል።

ወላጆች በለስላሳ መጠጥና በብስኩት ፈንታ ውኃ፣ ፍራፍሬና የማሾ ንፍሮ ቢያቀርቡ መልካም ነው። ልጅን ምግብ መከልከል ግን አይገባም፤ የልጁ ክብደት ያሳሰበው ወላጅ ወደ ጤና ጣቢያ ወስዶ ያስመዝነው።