በመርካቶና በእንሰቱ ማሳ መካከል፤ በሁለት ቦታ ስለቆመ የጉራጌ ሥራ

ከ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ ወዲህ በብዙ አገሮች የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን የሚያሳስብ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ከፊሉ ሠራተኛ በቢሮ፤ ከፊሉ በቤቱ ሆኖ ሲሠራ የማኅበሩ አንድነት በምን ይጠበቃል የሚል ነው። ጥያቄው አዲስ ይምሰል እንጂ በወልቂጤና በቡታጅራ ዙሪያ የሚኖረው የጉራጌ ሕዝብ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሮበታል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው እርሱ የሰጠውን መልስ ነው።

እንደሚታወቀው የጉራጌ አገር በምኒልክ መንግሥት ሥር የገባው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። ግብር ለመክፈል ገንዘብ ማግኘት ግድ ስለሆነ፤ አዲስ አበባም የሰው ጉልበት ትፈልግ ስለነበር፤ ወንዱ በእግሩ እየተጓዘ ወደ ከተማ መግባት ጀመረ። መጀመሪያ በቀን ሥራና በሸክም፤ ቀጥሎም በችርቻሮና በሱቅ ተሰማራ። ይሁን እንጂ አገሩን ጥሎ አልወጣም። አንዱ ወንድም ሱቅ ሲጠብቅ ሌላው መሬቱን ያያል፤ ከጊዜ በኋላም ይለዋወጣሉ። ስለዚህ ሱቁና የእንሰቱ ማሳ እንደ ሁለት ሥራ ሊቆጠሩ አይገባም፤ የአንድ ቤት ሥራ ነበሩ።

ይህን ቤት ያያያዘው የአገር ፍቅር ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኛን ግን ይህ መልስ አያረካንም፤ ፍቅር ብቻውን የሰው ገንዘብ አያስመልስምና። እቁብን እንመልከት። ዕጣ የደረሰው ሰው ገንዘቡን የሚወስደው ዋስ ጠርቶ ነው፤ ዋሱም ብዙ ጊዜ የአገሩ ልጅ ነው። በመርካቶ ቃሉን ያጠፈ ሰው ስሙ የሚነሣው በመርካቶ ብቻ አይደለም፤ አባቱ ደጃፍም ይደርሳል። ከዚህም ሌላ መስቀል አለ። በከተማ ያለው ሁሉ ለመስቀል አገሩ ይገባል፤ በሬ ይታረዳል፤ ዕዳ ይቆጠራል፤ የተጣላ ይታረቃል፤ ልጅ ይታጫል። በዓሉ የዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ነገር ግን መንገድ አልነበረም። በጣሊያን ዘመን የተሠራው የጅማ መንገድ በወልቂጤ ቢያልፍም፤ ከዚያ ወርዶ ወደ መንደሩ የሚሄድ ሰው ክረምቱ ገና ባላበቃበት መስከረም ጭቃና የወንዝ ሙላት ይጠብቀው ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የሰባት ቤት ጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ድርጅታቸውን አቋቋሙ። በዚያው ዘመን የክስታኔ ተወላጆች ከዓለም ገና በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ ለሚዘልቀው ጎዳና ተመሳሳይ ማኅበር መሠረቱ። በአዲስ አበባ ያለው ገንዘብ አዋጣ፤ በአገር ያለውም እንዲሁ። ከአውራ ጎዳና ባለሥልጣንም ጋር ስምምነት ተደረገ። ፈቃዱ ገዳሙ በ1972 እ.ኤ.አ. ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የምርምር ጽሑፍ ይህን የክስታኔን ማኅበር አጥንቶ፤ እንዲህ ያሉ ማኅበራት የከተማውንና የገጠሩን ግንኙነት እንዴት እንደጠበቁ አመልክቷል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ ወንዶች ነው። እንሰት ግን ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ አያሌ ዓመታት ይወስዳል፤ ሲደርስም የሚፍቁትና በጉድጓድ ቀብረው ቆጮ የሚያደርጉት ሴቶች ናቸው። ወንዱ ወራትና ዓመታት በከተማ ሊቆይ የቻለው ቤቱ በዚህ ሥራ ስላልተራበ ነው። በእኛ አስተያየት የመርካቶ ሱቅ የመጀመሪያው ካፒታል በእንሰቱ ጉድጓድ ውስጥ ነበር። የመስቀሉ ክትፎ ቅቤም ቢሆን በአንድ ጀንበር የተገኘ አይደለም፤ ሴቶች ዊጆ በሚባለው ማኅበራቸው ቅቤ እያዋጡ በየተራ ሲወስዱ የተጠራቀመ ነው። ታዲያ ዊጆ የእቁብ እኅት ሆኖ ሳለ በታሪክ ጽሑፎቻችን ውስጥ ስለ እቁብ የምናነበውን ያህል ስለ እርሱ አናነብም።

በየጆካ ሸንጎ የተቀመጡት ወንዶች ነበሩ። በ19ኛው መቶ ዓመት የቃቄ ውርድወት ስለ ሴቶች የጋብቻ መብት በዚያ ፊት ቆማ መሟገቷ እስከ ዛሬ የሚነገረው፤ ነገሩ እንግዳ ስለነበረ ነው። እንግዲህ መንገዱ በየት በኩል ይለፍ፤ መዋጮው ስንት ይሁን ተብሎ ሲመከር ቤቱን የያዘችው ሴት ምን ያህል ተጠይቃለች? ወንድሞች በየተራ ሲለዋወጡ እርስዋን የሚተካት ነበርን? በከተማ ያለው በሩቅ ሆኖ እንደ ባለቤት ሲቆጠር፤ በቦታው ያለችው እንደ ጠባቂ ተቆጥራ እንደሆነ መመርመር ይገባል።

ለዚህ ምርመራ የወረቀት መዝገብ ብቻ አይበቃም። መንገዱ ሲጀመር ልጃገረድ የነበሩት እናቶች ዛሬ ሰባውን አልፈው ሰማንያን የተጠጉ ወይም ያለፉ ናቸው። በወልቂጤና በቡታጅራ ገበያ፤ በእምድብርም መንደሮች ገና የሚያስታውሱ አሉ። ወደዚያ የሚሄድ ተማሪ በመጀመሪያ ስለ ዊጆው ይጠይቅ፤ ማን ስንት ቅቤ እንዳገባ፤ ተራውም ለማን እንደደረሰ።